የስድስተኛው ቤት ዘመድ

ወልደአረጋይ ኪዳነወልድን በዓይኑ ያየው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ስሙን ግን ከማግባቱ በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ሚስቱ ይመኙሻል ከእሱ በፊት ለዚህ ሰው ታጭታ ነበር። ሁለቱም የአንኮበር ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም አባቶች ቀሳውስት። የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የአገሩን የዘር ሐረግ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቢቆጥሩ፣ ሙሽሮቹ በስድስተኛው ቤት ተገናኙ። ሰባት ቤት ሳይሞላ የካህን ልጅ ቀርቶ ማንም አይጋባም። የተጠመቀው ጠላ ለጎረቤት ታደለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ይመኙሻል ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ገብታ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። ወልደአረጋይ የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው፤ በዚያው ፋብሪካ ማሽን ይጠግናል። ሊያገባት ሲጠይቃት የቀድሞውን ነገር አልደበቀችውም።

«ተጣልተን አይደለም የተለያየነው» አለችው። «ዘመድ ሆነን ነው።»

ያን ጊዜ ግልጽነቷ ደስ አሰኝቶት ነበር። ከተጋቡ በኋላ ግን ማሽን ፈትቶ ሲገጥም፣ መንገድ ሲሄድ፣ «ተጣልተን አይደለም» የምትለው ቃል እየመጣች ትነዘንዘው ጀመር። ተጣልታ የተለየች ሴት ልቧን ትዘጋለች። ያልተጣላችስ? ይህን ማንንም ሊጠይቅ አይችልም። ኪዳነወልድ የሚስቱ ዘመድ ነው፤ በዘመድ አይቀናም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሲደርስ ወልደአረጋይ ከፋብሪካው ልጆች ጋር ዘመተ። ጥቂት ቀን ተኩስ ተለማምደው ክላሽ ተሰጣቸውና ቆላውን ቁልቁል ወደሚያይ ገደል አፋፍ ተወሰዱ። እዚያ ከመሣሪያው ይልቅ ዶማና አካፋው በዛ። መሬቱ ላዩ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ግን ድንጋይ ነው፤ አንድ ክንድ ለመቆፈር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት የምሽጉ ከንፈር በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጣት ምላጭ ለመሳብ እሺ አይልም። ጭስ ቦታ ያሳያል ተብሎ እሳት ክልክል ነው፤ ስለዚህ በሶ በቀዝቃዛ ውኃ እየበጠበጡ ይጠጣሉ፣ ኮቾሮ የሚባለውን የወታደር ደረቅ ብስኩት እንደ ድንጋይ ያኝካሉ። ፀሐይ ስትወጣ ሸሚዛቸውን ገልብጠው ቅማል ይለቅማሉ። ከሥራቸው ባለው ገደል ላይ ጭላዳዎች ጦርነት መኖሩን ያልሰሙ ይመስል ሣር እየነጩ ይውላሉ።

የጓዱ መሪ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ በባድመ ጊዜ የተዋጉ፣ ጡረታ ወጥተው የነበሩና እንደገና የዘመቱ ሽማግሌ ወታደር። አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሰዎች ይዘው በምሽጉ ውስጥ አጎንብሰው መጡ። ከአዲሶቹ አንዱ ረዘም ያለ፣ ጢሙን በደንብ የተቆረጠ ጎልማሳ ነው። ገና እንደ ደረሰ፣

«ወልደአረጋይ የሚባለው የቱ ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ኪዳነወልድ እባላለሁ። የይመኙ ዘመድ ነኝ።»

ወልደአረጋይ በእጁ የቀረውን ኮቾሮ ኪሱ ከተተ። «ይመኙ» ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ጋሽ ወርቁ ደስ አላቸው። «ዘመዳሞች ከሆናችሁማ አንድ ጉድጓድ ያዙ። በክፉ ቀን ሰው የሚያውቀውን አይጥልም» ብለው ሁለቱን በአንድ ሸራ ሥር አስተኟቸው።

ክፋቱ ኪዳነወልድ የሚጠላ ሰው አለመሆኑ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ስለነበር ጠዋት ጠዋት የዳዊቱን መዝሙር በቃሉ ይላል፤ ሌሎቹም ክላሻቸውን እየወለወሉ ያዳምጡታል። በመቀስ የጓዱን ሁሉ ፀጉር አስተካከለ። ውኃ ለማምጣት ተራው ባይሆንም ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። ሰው ሁሉ «ኪዱ፣ ኪዱ» ይለዋል። ወልደአረጋይ ደግሞ አንዳች ጉድለት ይፈልግበታል፤ ሲያንኮራፋ ያዳምጠዋል፣ ሲበላ ያየዋል፣ ሲተኩስ ይስት እንደሆነ ይጠብቀዋል። አይስትም።

አንድ ቀን ምሽጉን እያሰፉ ሳለ ኪዳነወልድ ዶማውን አሳረፈና ላቡን ጠረገ።

«ይመኙ አሁንም ትዘምራለች?» አለው።

«ምን?»

«የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ ነበረች እኮ። እሷ ስትዘምር የቅጥሩ በር ላይ የሚያልፍ ሰው ይቆም ነበር።»

ወልደአረጋይ ሚስቱ ስትዘምር ሰምቶ አያውቅም። እቃ ስታጥብ እንኳ ዝም ብላ ነው። «አዎ፣ ትዘምራለች» ብሎ ዋሸ፤ ዶማውንም ድንጋዩ ላይ እሳት እስኪተፋ ድረስ ደጋግሞ አሳረፈው። ያን ቀን ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ሠራ። ጋሽ ወርቁ «ምነው ሁላችሁም እንደ ወልደአረጋይ በሆናችሁ!» ብለው አመሰገኑት።

በኅዳር አጋማሽ የደብረ ብርሃን ሴቶች ስንቅ አዋጥተው በመኪና አመጡ። መኪናው ከግንባሩ ራቅ ብሎ አንድ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ቆመ፤ ከየጓዱ ሁለት ሁለት ሰው ወርዶ እንዲቀበል ታዘዘ። ከእነሱ ጓድ ወልደአረጋይና ኪዳነወልድ ወረዱ። ይመኙሻል ከሴቶቹ ጋር መጥታለች። የዳቦ ቆሎ ጆንያ ከመኪና ላይ ልታወርድ ስትዞር ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ኪዱ!» አለች።

ከዚያ ጆንያውን ጥላ ሮጣ ባሏን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከሳህ አልከሳህ፣ በረደህ አልበረደህ፣ ብዙ ጠየቀችው። ያመጣችለትን ሹራብ እዚያው አለበሰችው። ኪዳነወልድን ግን ዘመድ እንደሚሳም ጉንጩን ሳመችው፤ ከዚያም «እማማ ደህና ናቸው?» ብቻ ብላ ተወችው። ወልደአረጋይ ይህን ሁሉ አየ፤ የሰማው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ባሏ እዚያ እንዳለ ታውቃለች፤ ኪዳነወልድ መኖሩን አታውቅም፤ ደንግጣ መጥራቷ ነው። ይህን ለራሱ ነገረው። ዳገቱን ሲወጡ ደግሞ እንደገና ነገረው። አልሰማ አለው።

«ደህና ይዘሃታል» አለ ኪዳነወልድ ከኋላው፣ ጆንያ ተሸክሞ እያለከለከ። «ፊቷ ሞልቷል።»

«አንተ ምን አገባህ?»

ኪዳነወልድ ጆንያውን አስተካክሎ ቀደመው። እስከ ምሽጉ ድረስ ተራርቀው ወጡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ከቆላው ወፍራም ጉም ተነሥቶ አፋፉን ሸፈነው። ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም። ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የቃፊር ጉድጓድ አለች፤ በጉም ጊዜ አንድ ሰው እዚያ ሆኖ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። የኪዳነወልድ ተራ ነበር። ወልደአረጋይ ሹራቡን እስከ አንገቱ ስቦ ተራውን ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሰሙት የኪዳነወልድን ክላሽ ነው። አከታትሎ ተኮሰና «መጡ! በቀኝ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የሞርታር ጥይት እያፏጨ መጥቶ ከምሽጉ ኋላ ወደቀ፤ ሌላው ከፊት። አፈርና ጠጠር ከላይ ዘነበባቸው። ጋሽ ወርቁ ከወዲያ ጫፍ «ሳታዩ አትተኩሱ! ሳታዩ አትተኩሱ!» ይላሉ፤ ግን ምን ይታያል? ወልደአረጋይ በጉሙ ውስጥ ጠቆር ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ ባየ ቁጥር ይተኩሳል። ካዝናው አለቀ፤ ሌላ ጎረሰ፤ አፉ ባሩድ ባሩድ ይላል። አንድ ሰው የምሽጉ አፍ ላይ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊቱን አየው፤ ልጅ እግር ነው፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ወልደአረጋይ ተኮሰ። ልጁ ወደ ኋላው ወደቀና ጉሙ ዋጠው።

ከዚያ ተኩሱ ሳሳ። መጪዎቹ ወደ ገደሉ እርከን ተመልሰው ከዚያ ሆነው አልፎ አልፎ ይተኩሳሉ። ጉሙ በነፋስ ተገፍቶ ለአፍታ ሲከፈት ወልደአረጋይ ኪዳነወልድን አየው። ከቃፊሩ ወደ ምሽጉ ሲሮጥ መካከል ላይ ሞርታር አግኝቶታል። በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እግሩ ከዳሌው በታች ደም ብቻ ነው። አይጮህም። እጁ ግን ሣሩን እየጨበጠ ይለቃል።

ወልደአረጋይ ከወገቡ በላይ ከምሽጉ ብቅ ብሎ ቆመ። በግራ ያሉት የቆሰለ ሰው ያስራሉ፤ ጋሽ ወርቁ ሩቅ ናቸው። ማንም አላየም። ጉሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ እጁም መንቀሳቀሱን ይተዋል። እሱ የገደለው አይደለም። ማንም አይጠይቀውም።

ቆመ። ያን ጊዜ ልቡ ውስጥ የነበረው እረፍት ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እረፍት ነበር።

ከዚያ ይመኙሻል ጥቁር ለብሳ ታየችው። ዘመዷ ነውና ማንም አይከለክላትም። ደረቷን ትመታለች፣ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች፤ አርባውን ታወጣለች፣ ሙት ዓመቱን ታወጣለች፤ በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ ፊቷ ይጨልማል። እሱ ባሏ ከጎኗ ተቀምጦ እዝን ይበላል። በሕይወት ያለ ሰው ይዋሻል፣ ይሰክራል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ ሆዱ ይወጣል። የሞተ ግን እንዳማረበት ይቀራል። «ከሞተማ አልችለውም» አለ ወልደአረጋይ ድምፅ አውጥቶ።

ከምሽጉ ዘለለ። በሆዱ እየተሳበ ደረሰና በብብቱ ይዞ ጎተተው። ጥይት አጠገቡ ያለውን የጅብራ ተክል ቅጠል ቅጠሉን በጣጠሰው። ኪዳነወልድ ከባድ ነው፤ እየጎተተው ይሰድበዋል። «ተነሥ! አትሞትም! እምቢ በል፣ አትሞትም!» ምሽጉ ውስጥ አብረው ተንከባለሉ። ጋሽ ወርቁ ደርሰው እግሩን ከጭኑ በላይ በቀበቶ አሰሩት፤ ከዚያም የወልደአረጋይን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

«ወንድ ነህ! ዘመድ ማለት እንዲህ ነው!»

በአራት ሰው ሸክም ኪዳነወልድ እስከ መኪናው ወረደ፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገባ።

ከምሽጉ ጀርባ ካለች አንዲት ጉብታ ላይ ኔትወርክ ይገኛል። ወልደአረጋይ እዚያ ወጥቶ ሲደውል ይመኙሻል ገና ድምፁን ስትሰማ አለቀሰች።

«ሁሉን ነገሩኝ። አንተ እንዳወጣኸው ነገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ።»

«እሺ።»

«እግሩ አልተቆረጠም። ግን ሆስፒታሉ በቁስለኛ ሞልቶ አስወጡት። ቁስሉ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ አንኮበር ቢሄድ ማን ያጥብለታል? እዚህ ከእኔ በቀር ሰው የለውም። ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ። አጠፋሁ?»

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ የተከፈለ። አልጋውም አንድ ነው።

«ደግ አደረግሽ» አለ ወልደአረጋይ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ከጥይቱ የባሰ ነበር። ክላሹን እየወለወለ አልጋው ላይ ማን እንደተኛ ያስባል፤ ጋቢውን ማን እንደለበሰው፣ ቁስሉን ማን እንደሚያጥብ፣ እጇ የት የት እንደሚደርስ። ቀን ላይ ጉብታው ላይ እየወጣ ይደውላል። ምን በላችሁ? የት ነሽ? እሱ ተኝቷል? ስልኩ ካልተነሣ ደግሞ እስኪነሣ ድረስ ይደጋግማል። አንዴ ለተኳሽ እንዳይታይ የተከለከለውን የጉብታውን ጫፍ ረግጦ ሲያወራ ጋሽ ወርቁ እግሩን ጎትተው ጣሉት።

«ልትሞት ነው የፈለግከው? ምን ሆነሃል?»

«ቤቴ ሰው አለ።»

«ማን?»

«ያ ያወጣሁት።»

ጋሽ ወርቁ መሳቅ ጀመሩና ፊቱን አይተው ተዉት። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ባድመ ሳለሁ ሚስቴን በሐሳቤ ከስንቱ ጋር አጋባኋት! የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ አስተማሪው፣ የገዛ ወንድሜ። ስመለስ ምንም የለም። ግን ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር እንዴት የለም ልበል? ጠየቅኳት፣ ጠየቅኳት፣ በመጨረሻ ጥያቄዬ ሰለቻትና… ትታኝ ሄደች። አሁን አረርቲ አግብታ ወልዳለች።» ተነሡና አቧራቸውን አራገፉ። «ምክር አይደለም። የሆነውን ነው የነገርኩህ። ሁለተኛ እዚያ ጫፍ ላይ እንዳላይህ።»

በታኅሣሥ መጀመሪያ ጦሩ ከምሽጉ ወጥቶ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ቁልቁል ወርደው የወዲያኞቹን ምሽግ ሲደርሱ ባዶ ሆኖ አገኙት። የተቀደደ ብርድ ልብስ፣ የተነከሰ ደረቅ ዳቦ፣ ግማሽ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ። መሬቱን ሲቆፍሩ እነሱም ድንጋይ ገጥሟቸው ኖሯል፤ የዶማው ምልክት ግድግዳው ላይ አለ። ወልደአረጋይ ያ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ለማወቅ ሲሞክር ራሱን አገኘው። ከዚያ ፈቃድ ተሰጣቸው።

ለይመኙሻል እንደሚመጣ አልነገራትም። ደብረ ብርሃን ከቀትር በኋላ ገባ። ደጁ ሲደርስ አላንኳኳም፤ በመስኮቱ ሥር ቆመ። ሚስቱ ስትስቅ ሰማት። እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት ያውቃል ወይስ አያውቅም? ሊያስታውስ አልቻለም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

ኪዳነወልድ የእሱን ጋቢ ለብሶ በምርኩዝ ለመቆም ሲታገል አንድ እርምጃ ሳይራመድ አልጋው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ይመኙሻል ራቅ ብላ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ባሏን ስታይ ባልዲውን ጥላ አቀፈችው። እሱ ግን ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል፤ መሬት ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ የእሷን ፍራሽና ትራስ አየ።

ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጋሽ ወርቁን እዚያ ጓድ አስገቡኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለ ኪዳነወልድ። «ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች ማየት ፈለግኩ። ክፉ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«እና?»

«ክፉ አይደለህም። ግን ያን ጠዋት ቆመህ ነበር። ጉሙ ሲከፈት አየሁህ።»

ወልደአረጋይ ወደ መሬት አየ። ሊክድ ይችል ነበር።

«ብትሞት ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስልህ ልትኖር ነው ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ለአንተ አዝኜ አይደለም።»

ኪዳነወልድ አፍጥጦ አየውና መሳቅ ጀመረ፤ ቁስሉን በእጁ ይዞ እያቃሰተ ሳቀ። «አንተ ሰው! ቅናት ገደለ ሲባል እንጂ አተረፈ ሲባል ሰምቼ አላውቅም!» ወልደአረጋይ አልሳቀም። ሌላው ግን ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «እኔም እኮ ካገባሃት ጀምሮ ባንተ ስቀና ነው የኖርኩት» አለ። «እዚህ ተኝቼ ስልክህ በጮኸ ቁጥር እየሮጠች ስታነሣ ሳይ ደግሞ ባሰብኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመኙሻል ባሏን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ለምን ሳትደውል መጣህ?»

«እንዲያው…»

«የቡትስ ጫማህ ዱካ መስኮቱ ሥር አለ። ቆመህ ስትሰማ ነበር።»

ምሽግ ውስጥ ስንት ጊዜ የተለማመደውን ጥያቄ አወጣው። «እኒያ ሽማግሌ ባይቆጥሩ ኖሮስ?»

«አገባው ነበር» አለች ሳትዘገይ። «ምን እንድልህ ፈለግክ? እወደው ነበር። በአንድ ቀን ዘመድሽ ነው ተባልኩ፤ ልብ ደግሞ በአንድ ቀን አይታዘዝም። ያንን ወር እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በኋላ አንተን አገኘሁ። አባቴ አልመረጠህ፣ ሽማግሌ አልቆጠረህ፤ እኔው ራሴ ነኝ እሺ ያልኩህ። ይህ ካነሰህ ሌላ የምጨምርልህ የለኝም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «በየቀኑ ደውለህ እሱ ምን በላ፣ የት ተኛ ስትለኝ፣ አንተ በሕይወት መኖርህን የማውቀው በዚያ ስለሆነ ነው የመለስኩልህ። ሁለተኛ እንዲያ አድርገህ አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅሽም» አለ። ቃሏ ግማሽ ልቡን አሳረፈው። ሌላው ግማሽ እንዳለ ነበር፤ እሱም አወቀው።

ኪዳነወልድ ለገና ሳይቀመጥ አንኮበር እሄዳለሁ አለ። ቁስሉ ደርቋል፤ ምርኩዙንም ለምዷል። ወልደአረጋይ እስከ መናኸሪያ ሸኘው፤ ሚኒባሱ ውስጥ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ከሾፌሩ ጋር ተጨቃጭቆ አስለቀቀለት። በመጨረሻ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩና ተለያዩ። ወልደአረጋይ መኪናው እስኪወጣ አልጠበቀም።

ቤቱ ሲመለስ ይመኙሻል ጓሮ ቁጭ ብላ የአልጋውን አንሶላ ታጥባለች። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው፤ እንባዋ ወደ ገበቴው ይወርዳል፤ ሲመጣ አይታዋለች፣ ለመደበቅም አልሞከረችም። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ለማን? ለእግሩ? ለሄደው? ለሁላችንም? ወይስ ለሌላ ነገር?

ጃኬቱን አውልቆ ሽቦው ላይ ሰቀለ። ከፊቷ ቁጢጥ አለና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዘ። እሷ ሌላውን ይዛ ተነሣች። በሁለቱም በኩል እየጠመዘዙ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ጨመቁት።